በርተድ ፓስ በስኖውሹ፦ «ስኪ አንነዳም፣ በእግር ነው የምንሄደው» ብሎ መተማመን ያዋጣል?

ሰላሌ_81
ሰላም ለሁላችሁ። ከዴንቨርና ከኦሮራ የምንሰባሰብ 9 ሰዎች ነን። ለመጪው ቅዳሜ ስኖውሹ (በበረዶ ላይ እንዳይሰምጡ ከጫማ ሥር የሚታሰር ሰፊ መርገጫ) ተከራይተን በኮሎራዶ ተራሮች ውስጥ ወዳለው መተላለፊያ፣ ወደ በርተድ ፓስ ለመውጣት አስበናል። ስኪም ስኖውቦርድም የሚነዳ የለም። የኮሎራዶ አቫላንሽ ኢንፎርሜሽን ሴንተር የበረዶ ናዳ ትንበያ የአደጋውን ደረጃ ከ5 ሲሰጥ ከዛፍ መስመር (ዛፍ መብቀል ከሚያቆምበት ከፍታ) በላይ 3፣ በዛፉ መስመር አካባቢ 3፣ ከዛፍ መስመር በታች 2 ይላል። ከባድ በረዶ ከጣለ አራት ቀን አልፎታል፣ ቅዳሜ ደግሞ ፀሐይ ነው ተብሏል። ጥያቄዎቼ፦ በእግር ለሚሄድ ሰው ናዳ ያሰጋል ወይ? 3 ከ5 «መካከለኛ» ነው ማለት ነው? ቢከን የሚባለው የተቀበረ ሰው መፈለጊያ ሬዲዮ ለእኛም ያስፈልገናል?

ጉና
ከቁጥሩ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። 3 መካከለኛ አይደለም፤ እንደ ፈተና ውጤት አትየው። የመለኪያው ትርጉም እንዲህ ነው፦ 2 ላይ ናዳው በራሱ የመውረድ ዕድሉ ትንሽ ነው፣ ሰው ከገባበት ግን ሊወርድ ይችላል። 3 ላይ በራሱም ሊወርድ ይችላል፣ ሰው ከገባበት ደግሞ የመውረድ ዕድሉ ሰፊ ነው። 4 ላይ በራሱ የመውረድ ዕድሉ ሰፊ ነው። 5 ከሆነ መንገዱም ይዘጋል፣ ሰውም ከቤት አይወጣም። ስለዚህ ሰው በብዛት የሚሞተው በ3 ቀን ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ መንገዱ ተከፍቶ፣ ቁጥሩም «ለክፉ አይሰጥም» በሚመስልበት ቀን።

በእግር መሄድን በተመለከተ፦ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 2022 ሁዘር ፓስ አጠገብ ናዳ የበላቸው ሁለት ሰዎች ስኖውሹ ተጫምተው በእግር የሚሄዱ ነበሩ፤ ውሻቸውም አብሯቸው ሞተ። ለናዳው ስኪም ቡትም አንድ ናቸው። እንዲያውም በእግር የሚሄድ ሰው የባሰ የሚጋለጥበት ምክንያት አለ። ስኪ ነጂ ተዳፋቱን ፈልጎ ስለሚወጣ ያየዋል፣ ይመዝነዋል። እግረኛው ግን ሸለቆውን ይዞ፣ ከተዳፋቱ ሥር፣ ሜዳ ላይ ነኝ ብሎ ይሄዳል። ከሥር ሆኖም ናዳን መቀስቀስ ይቻላል።

እንዴት ቢባል፣ ወሳኙ ነገር ከታች ያለው ንብርብር ነው። የኮሎራዶ በረዶ ቀጭን ነው፣ ሌሊቱም ብርቱ ብርድ ነው። ከበረዶው ሥር ያለው መሬት የብርዱን ወቅት ሙሉ ወደ 0 ዲግሪ ሴልሺየስ ተጠግቶ ይከርማል፤ የላዩ ገጽ ግን በጠራ ሌሊት ከዜሮ በታች 18 ወይም 20 ይደርሳል። በረዶው 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ 3 ዲግሪ ልዩነት አለ ማለት ነው። ይህ ልዩነት በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ከ1 ዲግሪ ካለፈ እንፋሎት ከታች ወደ ላይ እየተነነ ቅንጣቶቹን ያላቅቃቸዋል፣ ማዕዘን ማዕዘን ያላቸው ትልልቅ ክሪስታሎችም ያደርጋቸዋል። እፍኝ ብታነሳ እንደ ስኳር በጣቶችህ መሀል ይፈሳል፣ ጨምቀህም ኳስ አይሆንልህም። በጥቅምትና በኅዳር የጣለው በረዶ ፊታቸው ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ በሆነ ተዳፋቶች ላይ እንዲህ ስኳር ሆኖ ይቆያል። ከዚያ በኋላ የሚጥለውና ነፋስ የሚጭነው በረዶ ላዩ ላይ ተጋግሮ እንደ ገበታ አንድ ወጥ ይሆናል። ስኳር ላይ የተቀመጠ ገበታ ማለት ነው። አንድ ቦታ ስትረግጠው ስኳሩ ይደረመሳል፣ መደርመሱም በንብርብሩ ውስጥ በሰከንድ ብዙ ሜትር እየሮጠ ወደ ላይ ተዳፋቱ ድረስ ይደርሳል። ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ከበላዩ ያለውን ተዳፋት የሚያወርደው በዚህ መንገድ ነው።

«አራት ቀን አልፎታል» ላልከው፦ ብዙ በረዶ በሚጥልበትና አየሩ ለዘብ በሚልበት በምዕራብ ጠረፍ ተራሮች አራት ቀን ብዙ ነው። እዚህ ግን የኅዳር ስኳር ገና ጥርም የካቲትም አብሮን አለ።

ሐምሌ_ጭጋግ
ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና፣ በአማርኛ ስንነጋገር በረዶ ከሰማይ የሚወርደውም ጠጠር ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም ነው፣ ይሄም ነው። «በረዶው ጠንካራ ነው» ያለ ሰው የቱን ማለቱ ነው? አመዳይ የሚል ቃል እያለን ለምን አንጠቀምበትም?

ጣርማበር
አመዳይ ለሌላ ነገር ያስፈልገናል ወንድሜ። በጠራ ሌሊት በበረዶው ገጽ ላይ እንደ ላባ ቆሞ የሚያድረው ብልጭልጭ ነገር ዋነኛው አመዳይ እሱ ነው። በማግስቱ አዲስ በረዶ ሳይሰብረው ከቀበረው ከስኳሩ የማይተናነስ ደካማ ንብርብር ይሆናል። ውፍረቱ ከጣት ጥፍር ላይበልጥ ይችላል፣ በላዩ ግን ተዳፋቱ በሙሉ ይንሸራተታል። ለሌላው «ስኖው»ም በሉት «በረዶ»፣ ከንብርብሩ ስም ጋር ይሁን ብቻ።

ሊማሊሞ
ጉና ያለው ልክ ነው፣ ግን ሰውን ከልክ በላይ ማስፈራራትም ጥሩ አይደለም። ጉድጓድ ቆፍሮ መፈተሽ ይቻላል። 30 በ90 ሴንቲ ሜትር የሆነ አምድ ከአራቱም ጎን ትለያለህ፤ ጀርባውን በገመድ ወይም በመጋዝ ትቆርጣለህ። አካፋውን በአንደኛው ጫፍ ላይ አጋድመህ 10 ጊዜ በእጅ አንጓ፣ 10 ጊዜ በክርን፣ 10 ጊዜ በትከሻ ትመታለህ። ስንጥቁ የ90ውን ሙሉ ርዝመት ካቋረጠ ትመለሳለህ። እስከ 30ኛው ምት ካልተሰነጠቀ ደግሞ ትሄዳለህ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ጉና
ሊማሊሞ፣ አሠራሩን በትክክል ነው የገለጽከው። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን አልቀበልም። ፈተናው «ተመለስ» ሲልህ ታምነዋለህ፣ «ሂድ» ሲልህ ግን አታምነውም። አንደኛ፣ ጉድጓዱ የሚነግርህ ስለዚያች 90 ሴንቲ ሜትር ነው። 20 ሜትር ራቅ ብሎ ድንጋይ ካለ ወይም በረዶው ከሳሳ ስኳሩ እዚያ የበለጠ ደካማ ነው፤ ሰውም በብዛት የሚቀሰቅሰው ከዚያ ሳሳ ካለው ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ ደካማው ንብርብር ከአንድ ሜትር በላይ ከተቀበረ የእጅ ምት አይደርስበትም፤ አምዱ ምንም ሳይሆን 30 ምት ይጨርሳል፣ ሦስት ሰው በአንድ ላይ ሲቆምበት ግን ይሄዳል። ሦስተኛ፣ የጀማሪ አምድ ብዙ ጊዜ ከጀርባው በደንብ አልተቆረጠም፣ ወይም ዛፍ ሥር ተቆፍሮ ነፋስ ያልነካውን በረዶ ነው የሚለካው።

ለጀማሪ ቡድን ከጉድጓድ የሚሻል ዓይንና ጆሮ ነው። በዚያው ፊት በሌላ ተዳፋት ላይ ትኩስ ናዳ ካየህ፣ ስትረግጥ «ዉምፍ» የሚል ድምፅ ከሰማህ ወይም መሬቱ ዝቅ ሲል ከተሰማህ፣ ከስኖውሹህ ጫፍ ስንጥቅ ወደፊት ከሮጠ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከጣለ፣ ከጫፉ ላይ በረዶ እንደ ጭስ ወደ አንተ ፊት ሲበተን ካየህ፣ ወይም ሙቀቱ በድንገት ከዘለለ፣ አንዱ ብቻ ይበቃል። ዉምፉን ሰምቶ «በረዶው ተረጋጋልን» የሚል ሰው አለ። ተገላቢጦሽ ነው፤ ያ ድምፅ ስኳሩ ከእግርህ ሥር ሲደረመስ ነው፤ ተዳፋት ላይ ብትሆን ኖሮ አብረህ ወርደህ ነበር።

ሊማሊሞ
«ሂድ» ሲል አትመነው የሚለውን ተቀብያለሁ። ነፋሱን ግን አትለፈው፣ በርተድ ላይ ከሰማይ ከሚጥለው ይልቅ ነፋስ የሚጭነው ይበልጣል።

ጉና
እውነት ነው። ነፋሱ በአብዛኛው ከምዕራብ ነው፤ ከምዕራብ ፊት ጠርጎ ከጫፉ ማዶ ምሥራቅና ሰሜን ምሥራቅ ላይ ያራግፈዋል። ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ አንዲት ቅንጣት ሳትጥል ተዳፋቱ በሰዓታት ውስጥ በግማሽ ሜትር ሊወፍር ይችላል። ስለዚህ «በረዶ አልጣለም» ብሎ ከመደምደም በፊት ያለፉትን 48 ሰዓታት የነፋስ መረጃ ማየት ነው። በነፋስ የተጫነ በረዶ ገጹ ለስላሳ፣ ሆዱ የተነፋ ይመስላል፤ በዘንግ ስትመታው እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ጫፉ ላይ ወደ ውጭ የተንጠለጠለ የበረዶ ኮርኒስ ካየህ ደግሞ ከሥሩ ያለው ፊት በነፋስ እንደተጫነ ነጋሪ አያሻህም።

አካፋ_ያዥ
ሦስተኛውን ጥያቄ እኔ ልያዘው። ቢከን፣ ፕሮብ (በረዶው የሚወጋበት ረጅም ዘንግ)፣ አካፋ፤ ሦስቱ አንድ ዕቃ ናቸው። ቢከን ያለ አካፋ ሬሳው የት እንዳለ ከማወቅ አያልፍም።

ቢከኑ ከጃኬት ሥር ሰውነት ላይ ይታሰራል፣ ቦርሳ ውስጥ አይገባም። ሁሉም በ457 ኪሎኸርዝ ስለሚሠሩ የተለያዩ ፋብሪካዎች ዕቃ እርስ በርሱ ይግባባል። ሦስት አንቴና የሌለውን አሮጌ ዕቃ በርካሽ አትግዙ። ባትሪው አምራቹ የፈቀደው ዓይነት ይሁን፣ አብዛኛውን ጊዜ አልካላይን ነው፤ የሚሞላ ባትሪ አትክተቱበት፣ መቶኛው የሚያሳየው ቁጥር ያታልላል። ስልክ ቢከን ሲያስተላልፍ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ሲፈልግ 50 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። በባትሪ የሚሞቅ ጓንትም ይረብሸዋል። በስልክ አፕ ወይም በኤርታግ እንፈላለጋለን የሚል ካለ፣ ኤርታጉን ለመኪና ቁልፉ ያቆየው።

አሁን ሰው ተቀብሯል እንበል። በበረዶ የተቀበረ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ ከአሥሩ ዘጠኙ ይተርፋል፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ከሦስቱ አንዱ ብቻ። የሚገድለው በአብዛኛው ብርዱ ሳይሆን መታፈን ነው፣ ከአራቱ አንዱን ያህል ደግሞ ዛፍና ድንጋይ ላይ መጋጨት። ስለዚህ ወደ 911 ደውሎ መጠበቅ ፍለጋ አይባልም። የሚያድኑት እዚያው የቆሙት ናቸው። ብዙ ሰው ካላችሁ አንዱ ይደውል፣ ሌላው ይፈልግ፤ ሁለት ከሆናችሁ መጀመሪያ ፈልጉ።

ናዳው ሲወርድ መጨረሻ የታየበትን ቦታ ዓይናችሁ አይልቀቅ። አንድ ሰው ያዛል። ሌላ ናዳ ከበላይ የማይመጣ መሆኑን አይቶ ያስገባችኋል። ከዚያ ሁሉም ቢከናቸውን ወደ ፍለጋ ይቀይሩ። የሚበላሸው እዚህ ነው፤ አንድ ሰው ደንግጦ ሳይቀይር ይቀርና ሌሎቹ እሱን ሲከተሉ አምስት ደቂቃ ያልቃል። አዛዡ አንድ በአንድ እየጠራ ያረጋግጥ።

የቢከን ምልክት እስክታገኙ በ40 ሜትር ስፋት ተከፋፍላችሁ ፈጥናችሁ ሂዱ። ከገጹ የወጣ ጓንት፣ ዘንግ፣ ቦርሳ ካያችሁ ሳቡት፣ ሰውየው ከሥሩ ሊሆን ይችላል። ምልክት ሲገኝ ቀስቱን ተከተሉ፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ሳይሆን ጎባጣ ነው፣ አትጠራጠሩት። ቢከኑ የሚያሳየው ርቀት 10 ሜትር ሲደርስ ፍጥነት ቀንሱ። 3 ላይ ተንበርክካችሁ ቢከኑን በበረዶው ገጽ ላይ አስጠጉ፣ አቅጣጫውን ሳታዞሩ በመስቀል ቅርጽ ፊትና ኋላ፣ ግራና ቀኝ ሂዱ። ትንሹ ቁጥር የታየበትን ምልክት አድርጉ። ቢከን ወደ ላይ ተነስቶ ከተዞረ ቁጥሩ ይዘላል፤ ጀማሪ የሚጠፋው እዚህ ነው።

ፕሮቡ ለበረዶው ገጽ ቀጥ ብሎ፣ በየ25 ሴንቲ ሜትሩ እየተሽከረከረ ይወጋል። ሰው ሲነካ መሬት ከሚሰጠው ለየት ያለ፣ ለዘብ ያለ ስሜት አለው። ስታገኙ ፕሮቡን አትንቀሉት፤ ከተነቀለ ቦታውን እንደገና ልትፈልጉ ነው።

አሁን ቁፋሮው። ሁልጊዜ የሚረሳውና ብዙ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው። ናዳው ሲቆም እንደ ሲሚንቶ ይረጋል፣ አንድ ሜትር ኪዩብ ከ300 እስከ 500 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሜትር የተቀበረን ሰው ለማውጣት ከአንድ ቶን በላይ ታነሳላችሁ። በቀጥታ ከሰውየው ራስ ላይ መቆፈር ስህተት ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ትገባላችሁ፣ ትንፋሹ የቀረውንም አየር ትረግጡበታላችሁ። ከፕሮቡ ወደ ቁልቁለቱ፣ ጥልቀቱን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ወርዳችሁ ጀምሩ፤ የመጀመሪያው ሰው ይቆርጣል፣ የኋለኞቹ እንደ ቀዛፊ ወደ ኋላ ይገፉታል፣ በየደቂቃው ወይም በየሁለት ደቂቃው ፊተኛው ይቀየር። አካፋው የብረት ይሁን፣ ፕላስቲክ በረጋ ናዳ ላይ ይሰበራል። ፊቱ እንደተገኘ አፉንና አፍንጫውን አጽዱ፣ ደረቱ ላይ ያለውን አንሱ፣ ካልተነፈሰ ሰው ሰራሽ ትንፋሽና የልብ መታሸት ይጀምር። ሌላው አካል ኋላ ይወጣል።

ይህን ሁሉ በመናፈሻ ውስጥ ቦርሳ ቀብራችሁ ከአምስት ደቂቃ በታች ማድረስ ካልቻላችሁ ቢከኑ ጌጥ ነው። የናዳ ኤርባግም (ናዳው ሲወርድ የሚነፋ ቦርሳ) ይረዳል፦ ከናዳ ውስጥ ከሚገቡት ሞትን ከ22 በመቶ ወደ 11 በመቶ የሚያወርድ ሆኖ ተገኝቷል፤ ዛፍና ገደል ግን አያስቀርም። ለስኖውሹ ቡድን የመጀመሪያው ወጪ እሱ አይሁን።

ሰላሌ_81
እግዜር ይስጥልኝ። 9 ቢከን በ350 ዶላር ብንገዛ ከ3,000 ዶላር በላይ ነው፣ ተለማምዶ እስከ ቅዳሜ አይደርስም። ታዲያ ጉዞውን እንተወው ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ለፋሲካ ሰሞን ብናዘዋውረውስ?

ጣርማበር
መተው አያስፈልግም፣ ቦታውን ለውጡ። ናዳ ተዳፋት ይፈልጋል፤ ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ በቅጡ አይወርድም፣ ከ30 እስከ 45 ግን ቤቱ ነው፣ በብዛትም 38 አካባቢ። ስለዚህ ከ30 በታች የሆነና ከበላዩም፣ ከጎኑም ከ30 በላይ የሌለው መሬት መርጣችሁ ሂዱ። በኢንተርኔት ያሉ ካርታዎች የተዳፋት ቀለም አላቸው። ካልቶፖ ላይ ከ27 ጀምሮ ቢጫ፣ ከ30 እስከ 34 ብርቱካንማ፣ ከ35 እስከ 45 ቀይ ነው። ጥንቃቄ ግን፤ ካርታው እግራችሁ የሚረግጠውን እንጂ ከበላያችሁ የሚመጣውን አይነግራችሁም፣ አሥር ሜትር ያላትን አጭር ገደልም ላያሳያት ይችላል። ጉድባ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ናዳ እንኳ ጥልቅ አድርጎ ይቀብራል።

ከበላይ ያለውን እንዲህ ለኩ፦ ከቆማችሁበት ሆናችሁ በስልኩ የተዳፋት መለኪያ የተዳፋቱን አናት ዓይታችሁ ዲግሪውን አንብቡ። ከ18 በታች ከሆነ አብዛኛው ናዳ እዚህ አይደርስም። 25 ወይም 30 ካለ ሜዳው ላይ ብትሆኑም መንገዱ ውስጥ ናችሁ። ዛፎቹንም ተመልከቱ፤ ወደ ተዳፋቱ በሚያየው ጎናቸው ቅርንጫፍ የሌላቸው፣ ወይም ሁሉም አንድ ዓይነት ዕድሜ ያላቸው ትንንሽ ዛፎች ከሆኑ ናዳ እየደጋገመ የሚያልፍበት ነው። ዛፍ ስላለ ብቻ አትተማመኑ፣ በመሀሉ እንደ ልብ የምታልፉበት ደን ናዳንም ያሳልፋል።

ለ9 ጀማሪዎች ከዴንቨር ሳይርቅ ብሬነርድ ሌክ ይሻላል። ከዋርድ ከተማ በላይ፣ በብርዱ ወቅት ለመኪና የተዘጋውን መንገድ ይዛችሁ እስከ ሐይቁ ድረስ በዝግታ የሚወጣ ነው። ነፋሱ ፊት ይገርፋል፣ መነጽርና የፊት መሸፈኛ ያዙ። ከሐይቁ አልፎ ወደ ኢዛቤል ሐይቅ ግን አትቀጥሉ፣ እዚያ ተዳፋቱ ከበላያችሁ ይመጣል።

የመንገዱ መከፈትም አያታልላችሁ። በርተድና ላቭላንድ ፓስ ላይ መንገድ ባለሥልጣኑ ናዳውን አፈንድቶ አውርዶ ለመኪና ይከፍታል፤ ያ የተሠራው ከአስፋልቱ በላይ ላለው ብቻ ነው፣ ማዶ ላለው ሸለቆ አይደለም።

ጉና
ፋሲካን በተመለከተ፦ ሚያዝያ ላይ ችግሩ ዓይነቱን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። ሌሊት ከበረደና ገጹ ከጠነከረ ጠዋት ጥሩ ነው፤ ፀሐይ ካለዘበው በኋላ እርጥብ ናዳ ይጀምራል። ቡታችሁ እስከ ቁርጭምጭሚት ሲገባ፣ ከድንጋዮቹ ሥር የበረዶ ኳሶች እየተንከባለሉ ሲወርዱ ካያችሁ ረፍዶባችኋል። ሌሊቱ ደመናማ ሆኖ ካልበረደ ደግሞ ከጠዋቱም አይወጣም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ማለትም በዚህ አገር አቆጣጠር 10 ሰዓት ላይ ከተዳፋቱ ሥር ወጥቶ ማለቅ ነው። እዚህ ላይ የሰዓት አቆጣጠራችሁን አንድ አድርጉ፤ አንዱ በሐበሻ፣ አንዱ በፈረንጅ ከቆጠረ ስድስት ሰዓት ትሳሳታላችሁ።

ጥልቁ ስኳር ደግሞ በፋሲካ ሰሞንም ይገድላል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2013 ላቭላንድ ፓስ አጠገብ ሺፕ ክሪክ በሚባለው ቦታ ስድስት ሰው ናዳ ውስጥ ገብቶ አምስቱ ሞተዋል። ልምድ ያላቸው፣ ቢከንና አካፋ የያዙ ነበሩ፤ የቀኑም ደረጃ 3 ነበር። የተቀሰቀሰው ከተዳፋቱ ሥር ሲያልፉ ነው።

ሐምሌ_ጭጋግ
የማዳን ቡድን ከተጠራ ሂሳብ ይመጣል እያሉ ሰው ከመደወል ይቆጠባል። እውነት ነው?

ጣርማበር
ኮሎራዶ ውስጥ ፍለጋና ማዳን የሚሠሩት ፈቃደኞች ናቸው፣ ለማዳኑ አያስከፍሉም። አምቡላንስና የሕክምና ሄሊኮፕተር ግን ሂሳብ አላቸው። ያ የተለየ ነገር ነውና በሱ ሰበብ አትዘግዩ። ሞባይል ኔትወርክ በማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ በሳተላይት መልእክት የሚልክ ዕቃ ቢኖር ይጠቅማል፤ አዳዲስ ስልኮችም ይህን ያደርጋሉ፣ እንዴት እንደሚሠራ ቤት ሆናችሁ ሞክሩት።

ሰላሌ_81
እንግዲህ እንዲህ አድርገን አስተካክለናል፦ ብሬነርድ ሌክ፣ እስከ ሐይቁ ብቻ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በሐበሻ ከማቆሚያው እንነሳለን። አስቀድመን በካልቶፖ መንገዱን ሙሉ አየን፣ ቢጫም ብርቱካንማም አይነካም። ዓርብ አመሻሽ የሚታደሰውን ትንበያ አይተን 4 ከሆነ ጉዞው ይሰረዛል። ቀረ የምትሉት ነገር አለ?

ጣርማበር
የምትመለሱበትን ሰዓት ከተማ ለቀረ ሰው ጽፋችሁ ስጡ። ካልተመለሳችሁ በስንት ሰዓት ለ911 እንደሚደውልም ይወቅ። በዚያ ላይ ከ9ኙ አንዱ «ደስ አላለኝም» ካለ ያለ ክርክር የምትመለሱ መሆኑን ዛሬ ተስማሙ፣ እዚያ ላይ ሆኖ መስማማት አስቸጋሪ ነው።

አካፋ_ያዥ
ሐይቁ ጋ ደርሳችሁ ፎቶ ስትነሱ የቀለጠ ጠርዝና ያልደነደነ የሐይቅ በረዶ እንዳለ አስቡ። ናዳ ባይኖርም ውኃው ወደ ሐይቁ በሚገባበትና በሚወጣበት ቦታ ላይ አትቁሙ።